ውሃ ብቻ የጎደላት የባሕር ዳርቻ

ከተማን የባሕር ዳርቻ የሚያሰኘው ባሕር ብቻ አይደለም፤ ይኸን የምለው ኩርሙክን ስላየሁ ነው። ቀይ ባሕር ከዚህች የቤኒሻንጉል የጠረፍ ከተማ በአሞራ በረራ እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይርቃል፤ አሞራውም ቢሆን ሙቀቱ ሲያገኘው ከመንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ይሁንና አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሊያሟላ የሚገባውን ነገር ቆጥሬ ከኩርሙክ ጋር ሳስተያየው የጎደለው ውሃው ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መቼም በዚህ ዘመን ቡና ቤት ተቀምጦ ወደብ የማያስከፍት ሰው የለም። እኔም ከሰው ላለማነስ ማመልከቻ ማርቀቅ ጀመርኩ፤ «ኩርሙክ በባሕር ዳርቻነት ትመዝገብልኝ» የሚል።

የመጀመሪያው መስፈርት ሙቀት ነው። አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በማንጎ ጥላ ትኖራለች። ከእሷ ተነሥቶ ወደ ጠረፉ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን ያወልቃል፤ ኩርሙክ ሲደርስ የቀረችውን የደጋ ኩራቱንም ይጥላል። እንግዳ ሰው እዚህ የሚታወቀው በአነጋገሩ ሳይሆን በካልሲው ነው። የአገሬው ሰው ግን ሰፊ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ከመጣችው ሽውታ ሁሉ ድርሻውን እየተቀበለ፣ የእንግዳውን ላብ በትዕግሥት ይመለከታል።

ሁለተኛው መስፈርት ማዶ ነው። ዳርቻ ካለ ማዶ መኖር አለበት፤ ኩርሙክም አላት። እንዲያውም ማዶዋ ራሷ ኩርሙክ ትባላለች፤ አንዷ የኛ፣ አንዷ የሱዳን። በመሐላቸው በክረምት የሚሮጥ፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ወንዝ አለ። ወሰኑ የተወሰነው በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት ውል ነው። ውሉ ሲፈረም አንዱን የአክስት ልጅ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላውን ሱዳናዊ አድርጎ አደረ። እነሱ ግን ይኸን ያህል ቁም ነገር ያደረጉት አይመስልም። የአገሬው የበርታ ቤተሰብ ሠርግ ሲጠራራ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን አያማክርም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዘመዱን ከባሕር ማዶ ለመጠየቅ ቪዛ ሲጠብቅ ያረጃል፤ የኩርሙክ ሰው «ከውጭ አገር መጣሁ» ሲል ምናልባት እሳት ጭሮ መምጣቱ ነው።

ሦስተኛው ከማዶ የሚመጣ ዕቃ ነው። በደኅናው ጊዜ በኩርሙክ ገበያ የሱዳን ሳሙና፣ ብስኩት፣ ሽቶ፣ የሴቶች ቶብ ይደረደራል። ነጋዴው በአንዱ ኪሱ ብር፣ በሌላው ጊኔ ይዞ፣ ሒሳቡን በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርስና ትርፉን ለራሱ ብቻ በበርትኛ ይናገራል። ወደዚያ እንደምሄድ የሰማ ዘመዴ ሁሉ ምን እንደማመጣለት በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከዝርዝሩ ጋር ገንዘብ ያያያዘ ግን አልነበረም፤ ይኸም የወደብ ከተማ ምልክት ነው።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ ማመልከቻዬ ይወፍራል። እዚህ የምግብ ንጉሥ ማሽላ ነው። ገንፎው ይገነፋል፤ ባሚያው ይወጣለታል። ባሚያ የማያውቅ የመሐል አገር ሰው መጀመሪያ ሲያየው ይደነግጣል፤ ወጡ እየተሳበ ከሳህኑ እስከ አፉ ድረስ ክር ይዘረጋለታልና። «ቁረጠው!» ይሉታል፤ በምን እንደሚቆርጠው ግን የሚነግረው የለም። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ መቁረጡን ይተውና መዋጡን ይቀጥላል። በስስ የሚጋገረው ኪስራም አለ፤ ከእንጀራ ጋር ዘመድ ቢሆንም ዓይን የለውም፤ ስለዚህ ሰው የሚበላውን ብዛት አያይም እያልኩ እበረታታለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቀርከሃ ቡቃያ ይበላል። በቤኒሻንጉል ቀርከሃ ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ አልጋ ነው፤ በልጅነቱ ከተደረሰበት ደግሞ ወጥ ነው። አጥሩን በቡቃያነቱ የሚበላ ሕዝብ አይራብም ብዬ ጽፌያለሁ። ከምግብ በኋላ ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና ወይም ከርከዴ ይቀርባል። ሻይ ከተባለም ስኳሩ እንዲሟሟ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ከሻዩ ይልቅ የሚበዛው እሱ ነው።

እንደሚታወቀው የባሕር ዳርቻ ያለ ውድ ሀብትና ያለ ባሕር ወንበዴ አይደምቅም። ሀብቱ እነሆ፦ ወርቅ። ዝናብ ምድሩን ሲያጥበው የበርታ ሴቶች አፈሩን በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ ኖረዋል። ወንበዴው ደግሞ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ነበር። በ1813 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሰናርን ያዘ፤ ዓላማውም ወርቅና ባሪያ ነበር። ወርቁ እንደ ጓጓለት አልመጣለት ቢል፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1831 ዓ.ም. ራሱ ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ ከኩርሙክ በስተሰሜን እስካለችው ፋዞግሊ ድረስ ገሠገሠ። በሰባ ዓመት ሰው ጡረታ ይወጣል እንጂ ወርቅ ፍለጋ አይወጣም። ያሰበውን ያህል ሳያገኝም ተመለሰ። ገበቴ የያዙት ሴቶች ምሥጢሩን ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ ወርቅ የሚገኘው በመድፍ ሳይሆን ወገብን አጉብጦ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ራስ መኮንን ወደዚህ ዘመቱ፤ የቤኒሻንጉል ወርቅም በሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በኩል ለምኒልክ ግብር ይገባ ጀመር። ሼሁ አዲስ አበባ ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ። ዛሬ «ሸጎሌ! ሸጎሌ! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት የአሶሳን ገዥ እየጠራ መሆኑን ማን ይንገረው? ወርቁ ግን አሁንም ጠሪ አላጣም። አላይድ ጎልድ የተባለ የካናዳ ኩባንያ አሻሽሬና ዲሽ ተራራ ላይ ሥራ የጀመረበት የማዕድን ማውጫ ስሙ «ኩርሙክ» ነው። መሐመድ ዓሊ ይኸን ቢሰማ ከመቃብር ሆኖ አክሲዮን ይጠይቅ ነበር።

ወታደር ያላረፈበት ወደብም ወደብ አይባልም። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣልያኖች የማዶዋን ኩርሙክ ከእንግሊዝ ቀሙ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከምሥራቅ አፍሪካ ባመጡት ጦር አስመለሷት። በማግሥቱ ወር ደግሞ አሶሳን ከጣልያን ያስለቀቁት የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። እስቲ አስቡት፦ ጣልያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ኮንጎዎች በቤልጂጎች ታዘው፣ በእንግሊዝ ሱዳን በኩል መጥተው፣ በርታ አገር ገቡ! ያን ቀን አሶሳ ውስጥ የተነገረውን ቋንቋ ሁሉ የሚያስተረጉም ጉባኤ ዛሬ ቢጠራ የአበሉ ወጪ ብቻ በጀት ያናጋል።

ሙዚቃውን ብተወው ማመልከቻው ይጎድላል። የበርታ ዋዛ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዳንዱ ከነፊው ቁመት ይበልጣል። ሁሉም ነፊ የየራሱን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በተራው ሲነፋ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚታበይ ነፊ የለም፤ ተኮራርፎ የቀረ ካለ ደግሞ ዜማው ራሱ ጥርሱን ያጣል። የስብሰባ ሰብሳቢዎች ቢማሩበት ደግ ነበር።

አሁን የቀረኝ ዓሣው ነው፤ እዚህ ላይ ብዕሬ ደረቀ። ክልሉ ባሕር አላጣም፤ ባሕሩ ግን አድራሻ ተሳስቶ ጉባ ወረደ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅን ወልዷል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ በስፋት ጣና ቢበልጠውም በውሃ ብዛት ጣናን ከእጥፍ በላይ ያስከነዳዋል። ደሴት አለው፣ ጀልባ አለው፣ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ አለው። አንድ ክልል ውስጥ ሆኖ እንዲህ ያለ አድልዎ ይሠራል? ማመልከቻዬን «ከንጋት ሐይቅ ለኩርሙክ ትንሽ ቅርንጫፍ ይከፈትልን» በሚል ልመና ዘጋሁት።

ረቂቁን ሻይ የጋበዙኝ አንድ ሐጂ እንዲሰሙልኝ አነበብኩላቸው። በካልሲው ሳቁ፤ በመሐመድ ዓሊ የበለጠ ሳቁ። ስጨርስ፣ «ደግ ጽፈሃል፣ ልጄ፤ ባሕሩ ሲመጣ ግን የት ላይ ነው የሚተኛው?» አሉኝ።

«በወንዙ ቦታ ነዋ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ማዶው ሊርቅብን ነው።»

ይኸን አላሰብኩበትም ነበር። ሐጂ ግን የሚያወሩት ያዩትን ነው። በ1980 እና በ1989 ዓ.ም. የማዶዋ ኩርሙክ በሱዳን መንግሥትና በደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ሰዉ ነፍሱን ይዞ ወደዚህ ገባ፤ ሽርቆሌ ያለው የስደተኞች መጠለያም የተከፈተው በ1989 ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ከእኛ ወገን ወደ ማዶ የተሰደደው ጥቂት አልነበረም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በዚሁ በኩርሙክ በኩል እንደገና ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ በቀጣዩ ዓመት ኡራ ላይ አዲስ መጠለያ አስፈለገ።

«እናትየዋ አንዱን አዝላ፣ አንዱን እየጎተተች በእግሯ ነው የተሻገረችው» አሉ ሐጂ። «ባሕር ቢሆን ጀልባ ማን ይሰጣት ነበር? ባለ ጀልባውስ ስንት ይጠይቃት ነበር?»

ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሐጂ ልፋቴን በከንቱ እንዳስቀሩብኝ ተሰምቷቸው መሰለኝ፣ ሻዬን በእጃቸው ወደ እኔ አስጠጉና ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው አጽናኑኝ።

«ለዓሣው ብለህ ከሆነ ግን በመኪና ይምጣልን፤ ውሃውን እዚያው ጉባ ይተዉት።»