ጫማዬን እስካጠልቅ ድረስ ጎበዝ ነኝ

መጀመር ላይ እኔን የሚያክል የለም። ሩጫ ጀምሬአለሁ፣ ንባብ ጀምሬአለሁ፣ ቁጠባ ጀምሬአለሁ፣ በማለዳ መነሳትን ደጋግሜ ጀምሬአለሁ። ቡና ያለ ስኳር መጠጣትም ጀምሬ ነበር፤ አቦሉን ፊቴን አጨማድጄ ጨረስኩ፣ ቶናው ሲቀዳ «እስቲ ስኳሩን ወዲህ በሉት» አልኩ። መጀመሩስ አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ ማግስቱ ነው።

የምኖረው መካነ ኢየሱስ ነው፤ እስቴ። ሰውነቴን ላበርታ ለሚል ሰው ከዚህ የሚመች አገር ከየት ይመጣል? ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች፣ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ተገትሮ ቁልቁል ያየናል። ፈረንጅ ሯጭ እንዲህ ያለ ስስ አየር ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ፣ ሱሉልታ ድረስ መጥቶ፣ ከፍሎ ይተነፍሳል። እኔ በነጻ ተወልጄበት፣ ከገበያ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አንጠልጥዬ ያችን አጭር ዳገት ስወጣ ሦስት ቦታ ቆሜ ሽቅብ ወደ ሰማይ አያለሁ። መንገደኛ ሲመጣ «ዝናብ ይጥል ይሆን?» እላለሁ። በጥር።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። ሮቢን ሻርማ የሚባል ካናዳዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ማለዳ መነሳት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ባጭሩ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ሕይወቱ ይለወጣል ነው የሚለው። አንድ ወዳጄ ይህን ሲያወራኝ ደረቴ ተነፋ። 5 ሰዓትማ እሑድ እሑድ የምነሳበት ሰዓት ነው! አንዳንዴ እንዲያውም 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔን እገልጣለሁ። የተለወጠ ሕይወት እየኖርኩ ሳላውቀው ኖሬአለሁ ማለት ነው ብዬ ለብዙ ሰው ተናገርኩ። የፈረንጁ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሆኑ የተገለጸልኝ ዘግይቶ ነው፤ የገለጸችልኝም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ የእኅቴ ልጅ ናት።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስቴ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቀሳውስቱ ኪዳን ያደርሳሉ። ጅብ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ከጉና የሚወርደው ቁር በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ጋቢ ይፈትሻል። እናቴ በዚህ ሰዓት ተነስታ፣ ቤት ጠርጋ፣ እሳት አያይዛ ነው የምትጠብቀኝ፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንደዚያው ናት። እሷን እያየሁ አድጌ በማለዳ መነሳት ደግ ነገር ነው የሚል ሐሳብ አንድም ቀን ሽው አላለኝም። ከካናዳ እስኪነገረኝ እጠብቅ ነበር።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ተሳካልኝ፤ ወጣሁ። አዲስ ቱታ፣ አዲስ የስፖርት ጫማ፣ አዲስ ሰው። ከሠፈራችን ጫፍ ሳልደርስ አንድ ውሻ ተነሳብኝ፤ እሱን ሰምቶ ሌላው ተነሳ፤ ውሾቹን ሰምተው አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ከበራፋቸው ብቅ አሉ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ምጥ የያዛት ሴት አለችበት፣ ወይ ሌባ እያባረረ ነው፣ ወይ ሌባው ራሱ ነው።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ምን ሆነህ ነው የምትሮጥ? ምን ወሰዱብህ?»

እዚህ ላይ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ኖረው ወገባቸው ቀጥ እንዳለ ነው። በባትሪያቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አበሩብኝ፤ ሆዴ ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ ትንሽ ቆየ። ስፖርት የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ወንዙ ጠቆመ።

«በዚያ?» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው እልም።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። «ሌባ ነው አሉ!» ሲባል ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ባለዱላው፣ ባለባትሪው፣ አንደኛውማ የበሬ መጥመጃ ጠፍር ይዞ። እኔ የሌባው ባለቤት ነኝና ወደኋላ ልቅር ብልም አያምርብኝም። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት በኮንጎ ጫማ ከፊት ከፊቴ እየበረሩ፣ ዘወር እያሉ «በርታ እንጂ ልጄ! የተወሰደብህ አንተ ነህ!» ይሉኛል።

ወንዙ ዳር ደረስን። ሌባ የለም። «አመለጠ» አልኩ፣ ከልቤ አዝኜ።

«ለመሆኑ ምን ነበር የወሰደብህ?»

«ስልክ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ለነገሩ እኔው ነኝ የሞላሁት፤ የመጀመሪያው ደወል ባያስነሳኝ ብዬ ያስቀመጥኩት ሁለተኛው የማንቂያ ደወል ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኪሴ ዞረ። «ይኼ ሌላኛው ነው» አልኩ። ሁለት ስልክ እንዳለኝ መንደሩ ያወቀው ያን ጠዋት ነው፤ እኔም ራሴ ያወቅሁት ያኔ ነው። አጽናኑኝ፣ «በነፍስህ ተረፍክ» አሉኝ፣ ቡና ጠሩኝ፤ ሠፈሩም ለአንድ ሰሞን በተራ የሌሊት ጥበቃ ጀመረ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ከነዱላዬ አድሬአለሁ። ራሴን ስጠብቅ።

ከዚያ ወዲህ ሩጫውን በለዘብተኛ መንገድ ያዝኩት። ጄምስ ክሊር የተባለው አሜሪካዊ ስለ ጥቃቅን ልማዶች በጻፈው መጽሐፍ አዲስ ልማድ ሲጀመር ከሁለት ደቂቃ በማይበልጥ ነገር ይሁን ይላል፤ መሮጥ የፈለገ ሰው ለጊዜው የጫማውን ክር ማሰር ይብቃው። ሰውየው እኔን እያየ የጻፈው መሰለኝ። ጫማ ማጥለቅ ላይ ተወዳዳሪ የለኝም። አጥልቄ፣ ክሩን አጥብቄ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ይኸው ደራሲ በየቀኑ አንድ በመቶ ብቻ የተሻሻለ ሰው በዓመቱ 37 እጥፍ ይሻሻላል ይላል። እውነት ይሁን አይሁን ብዬ በስልኬ ማስሊያ አንድ ነጥብ ዜሮ አንድን በራሱ ሳባዛ አመሸሁ፤ ልክ ነው። የዚያን ቀን የሠራሁት ስፖርት ይኸው ነው፣ እሱንም ተጋድሜ።

ስልኬ እርምጃም ይቆጥራል። «የዛሬ ግብህ 10,000» ይለኛል በየጠዋቱ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብዬ ሳነብ የገዛ አገሬ ሰው ታሪክ አጠገብ ወደቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ተደረገ፤ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ፤ ከዚያ ደክሞት ይወድቃል ሲባል ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። ጃፓኖች በዚያ ኦሊምፒክ ሰሞን የጤና ነገር አሳሰባቸው፤ በዓመቱ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ሠርቶ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ብሎ ለገበያ አወጣው። ቁጥሩ የተገኘው እንግዲህ ከሐኪም ሳይሆን ከነጋዴ ነው። ይህን ማወቄ ለጤናዬ ባይጠቅምም ለክርክር በጣም ጠቅሞኛል።

ቢሆንም ስልኩ ማታ ማታ ቁጥር ሲያወጣ አፍራለሁ። መሥሪያ ቤት እርምጃችንን የምንለዋወጥበት የቴሌግራም ቡድን አለን፤ እኔ ሁልጊዜ ከመጨረሻ ነኝ፣ ከእኔ በታች ያለችው በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ባልደረባችን ብቻ ናት። አንድ ቅዳሜ እኅቴ ወተት ልትንጥ ቅሉን ስታዘጋጅ አየሁ። ቅሉ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል። አእምሮዬ ለዚህ ለዚህማ ፈጣን ነው። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ከቅሉ አንገት ጋር አሰርኩት። ቅቤው ሲወጣ ስልኬ የዕለቱን ግብ አልፎ ርችት እየተኮሰ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለቡድኑ ላክሁ፤ «አንበሳ!» ተባልኩ። ምን ዓይነት ስፖርት ሠርተህ ነው ብሎ ለጠየቀኝም «የክንድ» ብዬ መለስኩለት።

እኅቴ «ለምን ራስህ አትንጥልኝም ወንድምዬ?» አለችኝ። ጥያቄው ጤናማ ነው። አልመለስኩላትም።

ደግሞ በዓላቱ አሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ ነው። ገበሬው በእነዚህ ቀናት ሞፈር አያነሳም። እኔ በሬ የለኝም፣ ሞፈርም ጨብጬ አላውቅም፤ ግን በዓል አክባሪ ነኝ፤ በበዓል ቀን ስፖርት ሲሠራ ያየኝ የለም። በሌላው ቀንም ያየኝ የለም እንጂ።

ስለ ልማድ ያነበብኩት አንድ ጥናት ግን ልቤን በልቶታል። ድሮ ለሁሉም ነገር 21 ቀን ይበቃል ሲባል እንሰማ ነበር፤ ወሬው ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፊት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳተመው መጽሐፍ የተመዘዘ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ግን 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ውጤት ሌላ ይላል። አንድ ነገር ልማድ ሆኖ እስኪደላደል በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ አንዱ በ18 ቀን ሲለምደው ሌላው እስከ 254 ይሄዳል። ስሌቱን ወዲያው ወደ ሁዳዴ ወሰድኩት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋና ቅቤ ትቼ፣ ሽሮና ንፍሮዬን ይዤ፣ ሱሪዬ ሲሰፋኝ፣ ፊቴ ወዝ ሲያወጣ፣ ልክ ልማድ ሊሆንልኝ 11 ቀን ሲቀረው ዶሮ ይጮኻል፤ ፋሲካ! ከዚያ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አባቶች ሲሠሩት ለነፍሴ አስበው ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱን ከድስቱ ወደ ቀመሩ አዞርኩት። ዶሮ ወጡን ስደግም «11 ቀን ብቻ ጎድሎኝ ነው» እላለሁ፤ እናቴ «ምኑ ነው የጎደለህ ልጄ?» ብላ እንቁላል ትጨምርልኛለች።

ያው ጥናት አንድ ቀን ማጓደል ያን ያህል አይጎዳም ይላል። ከሳይንስ ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ይህን ነው። ችግሩ ዛሬም አንድ ቀን ነው፤ ነገም አንድ ቀን ነው።

በመጨረሻ ደብተር ገዛሁ። ምክንያቴ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ያ አሜሪካዊ በወጣትነቱ 13 በጎ ምግባራት መርጦ፣ ደብተር አስምሮ፣ ባጠፋ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። ዕቃንና ጊዜን በሥርዓት መያዝ አልሆንልህ እንዳለው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፏል፤ ይህን ሳነብ ወደድኩት። 13 የሚለውን ሳይ ደግሞ የእኛ ዓመት 13 ወር መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ምግባር መደብኩ። ለመስከረም ውኃ መጠጣት፣ ለጥቅምት መጽሐፍ ማንበብ፣ ለኅዳር አለመቆጣት... ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትን ለጳጉሜን ሰጠሁ። አምስት ቀን ናት። በዘመነ ሉቃስ ስድስት እንደምትሆን ግን አልዘነጋሁም፤ ለዚያች ለስድስተኛዋ ዕረፍት ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

መስመሩን ለማስመር፣ ወራቱን በቀለም ለመለየት፣ ስሜን በጥሩ ቁም ጽሕፈት ሽፋኑ ላይ ለመጻፍ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ፈጀሁ፤ እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተግቼ አላውቅም። መስከረም ሳይጋመስ ውኃው ቀዘቀዘኝ።

ደብተሩ አሁንም አለ። እኅቴ የቅቤ ሂሳብ ልጻፍበት ብላ ዓይኗን ጥላበታለች። ወደ መካነ ኢየሱስ ብቅ የምትል አንባቢ ካለህ ግን ቅድሚያው ላንተ ነው፤ በግማሽ ዋጋ እለቅልሃለሁ። ከመጀመሪያዋ ገጽ በቀር ንጹሕ ነው። እስኪርብቶውን እመርቅልሃለሁ፤ ቀለሙም አላለቀም።