«ሁሉም ስልኬ ላይ አለ» ላልከኝ

«ሰው አገር ተቀምጦ ጋዜጣ ፍለጋ መንከራተት ምን ይሉታል? ሁሉም ስልኬ ላይ አለ» ትለኛለህ። ስልክህ ላይ ያለኸው አንተው ነህ፣ ወዳጄ! ትናንት የነካካኸውን ዛሬ መልሶ ያቀርብልሃል፤ ዛሬ የተናደድክበትን ነገ እጥፍ አድርጎ ያመጣልሃል። ጋዜጣ አያውቅህም፤ ስለማያውቅህም አያባብልህም። የምርጫ ዜና ልታነብ ገልጠህ የአውቶቡስ ታሪፍ ሊጨምር መሆኑን፣ ሰፈር ያለው ዳቦ ቤት መዘጋቱን ታገኛለህ። ያልጠየቅከውን ይነግርሃል፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

«ከስልኬ አልላቀቅም» ካልክም መላ አለው። በምትኖርበት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂድና ካርድ አውጣ። ብዙዎቹ ፕሬስሪደር ለተባለው አገልግሎት ይከፍላሉ፤ በካርድህ ቁጥር ስትገባ በሺዎች የሚቆጠሩ የዓለም ጋዜጦችና መጽሔቶች ልክ እንደታተሙት፣ ከነማስታወቂያቸው፣ ከነሞት ዜናቸው ይከፈቱልሃል። አንተ የምትከፍለው የለም።

«ወረቀቱንማ የት አባቴ ላግኘው?» ዓይንህን ገልጠህ ባቡር ጣቢያ ግባ! በአውሮፓ ትልልቅ ጣቢያዎችና አየር ማረፊያዎች ያሉት ጋዜጣ ሻጮች የውጭ ጋዜጣ ይይዛሉ። ከሩቅ ሮዝ ወረቀት ካየህ ፋይናንሻል ታይምስ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ መልኩ ያ ነው። ሚላኖ ላይ ግን ጠጋ ብለህ አንብብ፤ ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርትም ሮዝ ነው፤ ስለ ወለድ መጠን ልታነብ ከፍለህ የእግር ኳስ ውጤት ይዘህ ትመለሳለህ። ቪየናም ዴር ሽታንዳርድ የሚባል እንደዚሁ ሮዝማ ጋዜጣ አለ፤ እሱ ደግሞ በጀርመንኛ ነው።

«ውድ ነው» አልክ? ቪየና ካነሳን አይቀር የቪየና ቡና ቤት ግባ። ጋዜጦቹ በረጅም የእንጨት መያዣ ተሰክተው ጥግ ላይ ተንጠልጥለዋል። እጀታውን ይዘህ ታወርድና እንደ ባንዲራ ተሸክመህ ወደ ወንበርህ ትመለሳለህ። ሜላንዥ ታዛለህ፤ በወተት የሆነ ቡና ነው፤ በትንሽ ትሪ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይመጣልሃል። የከፈልከው የቡናውን ነው፤ ጋዜጣው በነፃ ነው። ቡናው አለቀ ብሎ ሰውን ማስነሳት በዚያ ልማድ ነውር ነው። ሩሲያዊው አብዮተኛ ትሮትስኪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቪየና በስደት ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው ካፌ ሴንትራል የዘወትር ደንበኛ ነበር። ስደተኛ ያውም! አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለጋዜጣ አከራዩ ሳንቲም ከፍሎ፣ ጋዜጣውን ሳያጨማድድ አንብቦ የመለሰ አዲስ አበቤ ይህን ወግ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ለንባብ መክፈልን፣ ለንባብ መቀመጥን አገሩ ተምሮት ነው የወጣው። ታዲያ ቦሌን ሲሻገር ምን ነካው?

«የሚደርሰኝ የትናንቱ ነው።» ፓሪስ ብትሆን ኖሮ ለ ሞንድ የሚባለው ጋዜጣ ከቀትር በኋላ ሲሸጥ የነገን ቀን ይዞ ነው፤ ነገን በብብትህ ሸጉጠህ ትሄድ ነበር! ደግሞስ የትናንት ቢሆን? ስልክህ ቀኑን ሙሉ «ሰበር! ሰበር!» ሲልህ የዋለው ጉዳይ በማግስቱ ዘጋቢ ጠይቆበት፣ አዘጋጅ ቆርጦበት፣ ስም ተጽፎበት ሲወጣ ሌላ ነገር ነው። ስሙን ያኖረ ጋዜጠኛ ቢሳሳት ማረሚያ ይጠየቃል። ስም የሌለውን ወሬኛ ማንን ትጠይቅለታለህ? በእንዲህ ያለ ወሬ ስንቱ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ስንቱስ ከወንድሙ ተኳረፈ!

«የሰው አገር ወሬ ምን ያደርግልኛል?» እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ኪራይ የምትከፍለው እዚያው፣ ልጅህ የሚማረው እዚያው፣ ታመህ የምትተኛው እዚያው! የከተማው ምክር ቤት ስለ ቤት ኪራይ ተከራክሮ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሰው ወሬ አይደለም፤ ያንተው ጎጆ ነው። የትውልድ ቀበሌውን ጭቅጭቅ በየሰዓቱ እየተከታተለ ሃያ ዓመት የኖረበትን ከተማ ከንቲባ ስሙን የማያውቅ ወገን አለን። ያሳዝነኛል፤ የሚጎዳው እሱ፣ የሚጎዱትም ልጆቹ ናቸው።

«እሺ፣ የአገሬንስ ጋዜጣ የት አገኛለሁ?» ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ። አሜሪካኖቹ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ጋዜጣ ማንበብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ ኒውዮርክ ሄራልድ የፓሪስ እትም ከፈተላቸው፤ ኋላ ኢንተርናሽናል ሄራልድ ትሪቡን ሆኖ ስሙ እስከተቀየረበት እስከ 2013 ድረስ መንገደኛው ሁሉ ሲያነበው ኖረ። እኛ ያን ያህል የዘለቀ አላቆምንም። ግን ዋሽንግተን ላለኸው አንድ ቤት አለልህ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት። ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል ከኢትዮጵያ የሚታተመውን ይሰበስባል። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን እዚያ አለ፤ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍሉን ባለሙያዎች በአማርኛ ምን ምን እንዳላቸው መጠየቅ ትችላለህ። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው ሁሉ የአንባቢ ካርዱ በነፃ ነው፤ ዜግነት አይጠየቅበትም።

«ሩቅ ነው» እንዳትለኝ ብቻ! ካፒቶል ሳውዝ ባቡር ጣቢያ ላይ ውረድ፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያህን አትርሳ።