የጥላ አስተዳደር በምዕራብ ዓባያ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ በግራ የዓባያ ሐይቅ፣ በቀኝ የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። በመካከላቸው የሙዝና የማንጎ ማሳ አለ፤ እዚያው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ዋና ከተማ ብርብር አለች። በብርብር ላይ ደግሞ ፀሐይ አለች። ይህ ጥናት የሚመለከተው የመጨረሻዋን ነው። ፈረንጅ በሰኔና በሐምሌ ሲቃጠል እዚህ ደመና ነው፤ የእኛ ቃጠሎ ከጥር እስከ መጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ ነው።

በቅድሚያ አንድ የመለኪያ ችግር መፈታት አለበት። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ቴርሞሜትራቸውን የሚያስቀምጡት ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ በሚያስገባ፣ ፀሐይ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ነው። አሠራሩ በመላው ዓለም አንድ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ «34 ዲግሪ» ሲል የሚነግረን የጥላውን ሙቀት እንጂ የሰውየውን አይደለም። ማንጎ ሥር የተቀመጠ ሰው በመንግሥት አኃዝ ውስጥ ይኖራል። ሙዝ ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የቆመው ግን በሳይንስ ፊት ከመረጃ ውጭ ነው። የወረዳው ሰው ቀኑን ሙሉ ጥላ ሲያሳድድ የሚውለው ሰንፎ ሳይሆን ወደ ይፋዊው አኃዝ ለመግባት እንደሆነ አጥኚው ያምናል።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የብሪታንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙቀት ምክንያት ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጀ፤ ሙቀቱም 40.3 ዲግሪ ደረሰ። ባቡሮች ቀስ ብለው ሄዱ፣ ሕዝቡ ከቤት አትውጡ ተባለ። ብርብር ውስጥ ማስጠንቀቂያው ያለ መግለጫ ይደርሳል። መጀመሪያ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ አፏን ትከፍታለች። ቀጥሎ ውሻ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ቢጠሩት በአንድ ዓይኑ ብቻ ያያል። ከዚያ የቆርቆሮው ጣራ ጧ፣ ጧ ማለት ይጀምራል። የመጨረሻው፣ ማለትም ቀዩ፣ ባለሱቁ ግንባሩን ባንኮኒው ላይ ሲያሳርፍ ነው። በዚህ ሰዓት የሚደረግ ግብይት ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ሳሙና አለ?»

«የለም።»

«ያውና ከኋላህ!»

«እሱ የማታ ነው።»

ጥላው ራሱ የተደራጀ ተቋም ነው። ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የሸንጎ ቦታ አላቸው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት። የማንጎው ጥላ ዱቡሻ አይደለም፤ የአቀማመጡን ሥርዓት ግን ሳይወርስ አልቀረም። ግንዱ የአባቶች ነው፣ መካከሉ የወሬ አዋቂዎች፣ ዳሩ የልጆችና የባጃጅ ሾፌሮች። ችግሩ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ መዞሯ ነው። ጥላው ይሄዳል፣ አግዳሚውም ይከተላል፤ ማንም «እንነሣ» ሳይል ጉባኤው በሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ግንዱን ይዞራል። ውይይቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፦ «ዛሬስ ባሰ!»፤ «ኧረ የዛሬውን የመሰለ አይቼ አላውቅም።» የመረጃ ሰጪዎቹ ቃል እንዳለ ቢወሰድ፣ እያንዳንዱ ቀን ካለፈው እየባሰ ስለሚሄድ ሐይቁ ገና ዱሮ መፍላት ነበረበት።

ሐይቁን ካነሣን ዘንዳ፣ ዓባያ ከጣና ቀጥሎ በስፋት የአገሪቱ ሁለተኛ ነው። እንግዳ ሰው «ታዲያ ለምን አትዋኙም?» ይላል። ውኃው በደለል ስለቀላ አዞው ከሩቅ አይለይም፤ ጉማሬም አለ። አዞውም ቢሆን ሙቀት ይበዛበትና አፉን ከፍቶ ዳር ላይ ይጋደማል፤ ከምሳ በኋላ በቢሮ ወንበር ላይ የሚታየውን የሠራተኛ አቀማመጥ ያስታውሳል። ሐይቁ ለነዋሪው የሚሰጠው ነፋሱን ነው። የብስ ከውኃ ቶሎ ስለሚግል፣ ቀትር ላይ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል። ግንዱ ሥር ያሉት አባቶች ያኔ ዝም ይላሉ።

ቀሪው መፍትሔ ተራራው ነው። 100 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ከሐይቁ ዳር እስከ ተራራማዋ ጨንቻ ከተማ 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሆነ የ10 ዲግሪ ያህል ቅናሽ ይገኛል። ሆኖም ጨንቻ የወጣ ቆላማ በብርድ አልቅሶ ይመለሳል። ቆላ ገበያ የወረደ ደገኛ ደግሞ ጋቢውን አያወልቅም። ላቡ በጆሮው እየወረደ «አይሞቅህም?» ሲሉት «ለምጃለሁ» ይላል። ገበያ ላይ የወለቀ ጋቢ አብሮ እንደማይመለስ ያውቃል፤ ከሙቀቱ ይልቅ ይህን መፍራቱ በሳይንሳዊ መንገድ ትክክል ነው።

የመጠጡ ጉዳይ ለአጥኚው ከሁሉ ከባድ ነበር። በዚያ ቃጠሎ ሴቶቹ የቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፍልተው ያቀርባሉ፤ ሰዉም እፍ እያለ ይጠጣል። አጥኚው ይህን ጭካኔ ብሎ መዝግቦት ነበር። ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩስ መጠጥ ላብን ስለሚጨምር፣ ላቡ በደንብ ከተነነ ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ሙቀት እንደሚቀንስ አሳተሙ። ቅጠሉን ያፈሉት እማማ ይህን ሲነግሯቸው «ታዲያ አታቀዝቅዘው፣ ጠጣ!» አሉና ሌላ ስኒ ጨመሩ።

በዚያ መንገድ ለምታልፉ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ በቀትር ብርብር ላይ ስትቆሙ መኪናችሁን ማንጎ ሥር ከማስጠጋታችሁ በፊት ጠይቁ። ባዶ የሚመስለው ቦታ፣ ጥላው ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚደርስበት ስለሆነ፣ ተይዟል።