ይድረስ ለፕሮፌሰር አልበርት አንስታይን፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እ.ኤ.አ. በ1955 አርፈዋል ይባላል። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ግን አንድ ቀንም አላረፉም። ጧት ቡና ሳልቀምስ ስልኬን ስከፍት ከቴሌግራም ብቅ የሚሉት እርስዎ ነዎት፤ ያ በ72ኛ ልደትዎ ምላስዎን አውጥተው የተነሡት ፎቶ ካርቱን ሆኖ፣ ከአፍዎ አረፋ ወጥቶ፣ አረፋው ውስጥ ስለ ደስታ ምክር ተጽፎ። አንዱ ምክርዎ በማግስቱ በማንዴላ ሥዕል ሥር መጣ። ቃሉ ያው ነው፤ የተቀየረው ፀጉሩ ብቻ ነው። (ማንዴላም ተቸግረዋል። በ1994 ሥልጣን ሲይዙ ተናገሩት እየተባለ ዓለምን የዞረው ምክር አሜሪካዊቷ ማሪያን ዊሊያምሰን ከ2 ዓመት በፊት በመጽሐፏ ያወጣችው ነው።)

እብደት ማለት አንዱን ነገር እየደጋገሙ ሌላ ውጤት መጠበቅ ነው ብለዋል አሉ። ሳነበው ደነገጥኩ፤ ስለ እኔ ማን ነገራቸው? ሳሉግ ነኝ። በየክረምቱ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጋላባት እሻገራለሁ፤ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ የሰው ሰሊጥ አርማለሁ፤ ጥቅምት ላይ ዛላው ተከፍቶ ፍሬው ሳይረግፍ አጭዳለሁ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ዘንድሮስ ተርፎኝ እገባለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ለከርሞ ያው ነው። በኋላ ሲጣራ ግን እርስዎ አላሉትም። አባባሉ የታወቀው እርስዎ ከሞቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከሱስ ለመላቀቅ በሚሰባሰቡ አሜሪካውያን ዘንድ ነው። እፎይ አልኩ። እብድነቴ ግን አልቀረልኝም።

ቡና የምታፈላልን ሴት በ2020 የትግራዩን ጦርነት ሸሽታ ኡም ራኩባ መጠለያ የከረመች ናት። በ2023 ደግሞ ካርቱም ስትቃጠል ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሲጨናነቅ አይታለች። በትንሽ ነገር መደሰትን ተማሩ የሚለውን ካርቱንዎን አነበብኩላት። ስኒዋን እያለቀለቀች፣

«ስንት ልጅ አላቸው?» አለችኝ።

«ሦስት ወልደዋል።»

«ማን አሳደገላቸው?»

ዝም አልኩ። መልሱን እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ ያመጣን ደላላ ያገሬ ልጅ ነው። ቀሪ ሒሳቤን ብጠይቀው በዋትሳፕ የላከልኝ እርስዎን ነው። አረፋው ውስጥ «ደስታ በገንዘብ አይገዛም» ይላል። ከሥሩ «አልበርት አንስታይን»። እኔ ደስታ ልግዛ አላልኩም፤ ዱቄት ነው የምገዛው።

እርግጥ አንድ ጊዜ እርስዎም በምክር ሒሳብ ከፍለዋል። በ1922 ከማርሴይ በመርከብ ተነሥተው፣ በስዊዝ አድርገው፣ በቀይ ባሕር ቁልቁል በእኛ በኩል አልፈው ጃፓን ገቡ። ቶኪዮ ሆቴል ውስጥ መልእክት ላመጣልዎ ሰው ጉርሻ መስጠት ሲገባዎ ብጣሽ ወረቀት ሰጡት። እርጋታ ያለው ልከኛ ኑሮ፣ ዕረፍት እየነሳ ከሚያሯሯጥ ስኬት የበለጠ ደስታ ይሰጣል የሚል ነበር። ያ ወረቀት በ2017 ኢየሩሳሌም ላይ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንዲህ ከሆነ ምክርም ይበላል ማለት ነው፤ ግን በገዛ እጅዎ የጻፉት፣ የፈረሙበት ነበር። የእኔን ካርቱን የትኛው ጨረታ ቤት ይወስደዋል? አሳይቼው የሰሊጥ ነጋዴ እንኳ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ደላላዬ ሰው አይሰማም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። ምላስዎን እንዳወጡ አንድ አረፋ ይጨምሩና «የሰውየውን ሒሳብ ክፈለው» ይበሉልኝ። አላሉም ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

ሒሳቡ የ23 ቀን የአረም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሳሉግ፣ ገዳሪፍ