ሬህን ፍለጋ

አሳም ስማር አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ሚሽሚዎች ሬህ የሚባል በዓል አላቸው፤ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ 3 ነው» አለኝ። የሚሽሚ አገር ሲባል የማውቀው ቴዙን ብቻ ነበር። ቦታው በህንድ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ አሩናቻል ፕራዴሽ ነውና የውጭ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም። ለዚያች ወረቀት ሳምንታት ደጅ ጠንቼ፣ በዋዜማው ማታ ቴዙ ደረስኩ።

ሲነጋ ዘፈን የለ፣ ግርግር የለ። ያሳደሩኝ እናት በረንዳ ላይ ይሸምናሉ። የድሩን አንድ ጫፍ ከምሰሶ አስረው፣ ሌላውን በወገባቸው በዞረ ጠፍር ይዘውታል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲሉ ድሩ ይወጠራል፣ ጎንበስ ሲሉ ይላላል። ገላቸው ራሱ የሽመናው ዕቃ ነው። ብዙ ቆሜ አየሁ።

«እማማ፣ ሬህ የት ነው የሚከበረው?» ልጃቸው አስተረጎመልኝ።

እጃቸው ከማጉ ሳይነሣ፣ «ሬህ የኢዱዎች ነው ልጄ። እኛ ታራኦን ነን። የእኛ ታምላዱ ነው፤ በ15 ና» አሉ።

ለካ ሚሽሚ የሦስት ሕዝብ የጋራ መጠሪያ ኖሯል፦ ኢዱ፣ ታራኦን፣ ካማን። የኢዱና የታራኦን ቋንቋ ይዛመዳል፤ የካማን ግን የራሱ ነው። ይህን ሳልጠይቅ መምጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ኢዱዎቹ ከተማ ወደ ሮይንግ የሚሄደው ሱሞ የሚባለው የሕዝብ መኪና ያን ቀን ሞልቶ ነበር፤ በማግስቱ የተሳፈርኩበት መንገድ ላይ ተበላሸ። ሮይንግ የገባሁት በ4 ነው። የሚታረደው ሚቱን የተባለው የቀንድ ከብት ታርዶ፣ ኢጉው፣ ማለትም መንፈሳዊ አዋቂያቸው፣ ዜማውን ጨርሶ ሄዷል።

አንድ አዛውንት አዘኑልኝና ቤታቸው አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የሚቱንና የአደን አውሬ ራስ ቅል ተደርድሯል። ቅሎቹን አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ፣ «አባቴ፣ የታይገርስ?» አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ወንድማችን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአንድ እናት ነው የተወለድነው።» ኢዱ ታይገር አይገድልም፤ ሕይወቱን ለማትረፍ የገደለ እንኳ፣ ሰው እንደሞተበት ሥርዓቱን ያስፈጽማል። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሻይ ጨመሩልኝ።

ስሸኝ፣ «ቴዙ ማን ጋ አደርክ?» አሉኝ።

«ታራኦኖች ጋ» አልኳቸው።