«ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!»

መንገድ ላይ ሰው እንዲሞት የሚፈልግ አንድ ክፉ ሰው አለ እንበል። ገዳይ መቅጠር ወይም መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ በየዕለቱ የምናደርገውን በወረቀት አስፍሮ «እንዲሁ ቀጥሉ» ቢለን ይበቃዋል። ይህ ጽሑፍ ያ ወረቀት ነው። ለማሳቅ አልጻፍኩትም፤ ከዚህ በታች ያለውን ምክር የተከተለ ሁሉ የተባለውን ውጤት ያገኛል። ባለፉት ዓመታት በዚህች ከተማ በየዓመቱ 400 ገደማ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው በትራፊክ አደጋ ሲሞት ኖሯል። አብዛኞቹ መሪ ያልጨበጡ፣ ትርፍ ያልጫኑ፣ ከማንም ጋር ያልተደራደሩ እግረኞች ናቸው።

ከተሳፋሪው እንጀምር፤ ማንም የማይወቅሰው እሱ ነውና።

ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ ጭኗል። መስቀለኛው መንገድ ሲቃረብ ወደ ኋላ ዞሮ «ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!» ይላል። በል ዝቅ በል። ከጎንህ ያሉት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ያጎነብሳሉ፤ ተማሪው ደብተሩን ታቅፎ ይሸጎጣል፤ ከራቫት ያሰረው የቢሮ ሠራተኛም አንገቱን ይቀብራል። ሒሳብ የከፈልነው እኛ ነን፤ ሕግ የጣሰው ሾፌሩ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ የምንሞተው እኛ ነን። የምንደበቀው ግን እኛን ሊጠብቅ ከቆመው ሰው ነው።

ትራፊኩ አይቶ ካስቆመ ሁለተኛው ሥራህ ይጀምራል። ሾፌሩን ትተህ ትራፊኩን ተቆጣ። «ሥራ ረፈደብን» በለው። «እሱም ልጆች ያሳድጋል» በለው። «ስለ ማርያም ተወው» ብለህ ለምን። መኪናው ውስጥ ካሉት መካከል አንድ ሰው እንኳ «ትርፍ መጫንህ ልክ አይደለም፤ ቅጣቱ ይገባሃል» እንዳይል ተጠንቀቅ፤ አንድ ሰው ካለ ሌላውም ሊል ይችላልና።

ማታ 12 ሰዓት መገናኛ የቆመን ሰው ችግር አውቃለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቤት ሩቅ ነው፣ የተገኘችውም ቦታ ትርፍ ናት። የታክሲ እጥረቱ እውነተኛ በደል ነው፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በድምፅ ሊነገር የሚገባው በደል። አጎንብሶ መደበቅ ግን ያንን በደል ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ አንሥቶ ጎማውና ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

አሁን መሪ ወደ ጨበጥከው ወዳንተ ልምጣ። ትራፊኩን ካለፍክ በኋላ ከፊት ለሚመጣው ሁሉ መብራት ብልጭ አድርግ። በክፍለ ሀገር አውራ ጎዳና የሾፌር ወንድማማችነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ያላደረገ እንደ ንፉግ ይታያል። ብልጭ ስታደርግ ግን ለማን እንደነገርክ አታውቅም። የሚመጣው ፍሬኑ የላላበት ሊሆን ይችላል። ሲጠጣ ያደረ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ኋላ ሰው ገጭቶ የሸሸም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እኩል ነገርካቸው። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ የአይሱዙን የጭነት መኪና «አልቃኢዳ» ብሎ የጠራው በዓይኑ ካየው አደጋ ተነሥቶ ነው፤ ለእነዚያው መኪኖች መብራት ብልጭ የምናደርገውም እኛው ነን። የተነገረው ሾፌር ትራፊኩን እስኪያልፍ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወዲያው ይመልሰዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተመታ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ በኃይል ያሽቆለቁላል። ከቁጥጥሩ አለፍ ብላ የምትሻገረዋ ሴት የምትገናኘው ከዚያ ከተመለሰው ፍጥነት ጋር ነው።

ከተያዝክ ደግሞ ከመንጃ ፈቃድህ ሥር ብር አድርገህ አቀብል። «ለሻይ» በለው። የዚህን ጉዳት ብዙ ሰው በብር ብቻ ያሰላዋል፤ ቅጣቱ ይህን ያህል፣ ሻዩ ያን ያህል፣ መንግሥት ያጣው ልዩነቱን ነው ይላል። ከባዱ ጉዳት ግን መዝገቡ ነው። በትራፊክ ቁጥጥር ደንቡ መሠረት ጥፋት ሲመዘገብ ከብር ቅጣቱ ሌላ ነጥብም ይያዛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ደጋግሞ የሚያጠፋን ሰው ሳይገድል ከመንገድ ለማንሣት የታሰበ ነው። በሻይ ያለፈ ጥፋት ግን የትም አይጻፍም። ስለዚህ አምስት ጊዜ በፍጥነት የተያዘ ሾፌር በመዝገብ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል፤ በስድስተኛው ጊዜ ልጅ ሲገጭ «ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም» ይባልለታል። ሰጪው ተቀባዩን ብቻ መውቀስ ይወዳል፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ግን ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው።

ለትራፊክ ፖሊሱም ምክር አለኝ፤ እሱ ካልተባበረ ይህ ሁሉ አይሳካምና። ዛፍ ሥር ተሸሸግ፤ ሾፌሩ እንዳያጠፋ ከማድረግ ይልቅ ሲያጠፋ ጠብቀው። ሰላምታ ሳትሰጥ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳትናገር ታርጋ ፍታ። ታርጋው ኮድ 1 የሆነውን ታክሲ አስቁም፤ ኮድ 4 የመንግሥት መኪና በተመሳሳይ ጥፋት ሲያልፍ ፊትህን አዙር፤ ሁሉም ይይህ። ደረሰኝ የጠየቀህን ሰው ቅጣቱን አብዛበት። ቦሎውን፣ መብራቱን፣ እሳት ማጥፊያውን አንድ በአንድ ፈትሽና አንድ ነገር ሳታገኝ አትልቀቀው፤ ሁለተኛ ደረሰኝ አይጠይቅም። ቀን ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ ትንሽ አለፍ ብሎ የቆመውን ስትቀጣ ዋል፤ ማታ ጠጥቶ ለሚነዳው ጎዳናውን ልቀቅለት። በዚህ መንገድ ሾፌሩ አንድ ትምህርት ይማራል፤ ሕግ ማለት አንተ ነህ፣ አንተ ከሌለህ ሕግም የለም። ከዚያ በኋላ ዜብራው ላይ ለቆመ እግረኛ አይቆምም።

እዚህ ላይ የግድ መናገር ያለብኝ አለ። ከጠዋት እስከ ማታ ሜክሲኮ አደባባይ ጭስ እየማገ፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ሥራውን በንጽሕና የሚሠራ ትራፊክ አለ። አረጋዊ ክንድ ይዞ የሚያሻግር አለ። በሥራ ላይ እንዳለ በመኪና የተገጨ አለ። በየትምህርት ቤቱ ደጅ ደግሞ የተማሪ ትራፊኮች አሉ፤ ምልክቱን አንሥተው ታናናሾቻቸውን የሚያሻግሩ ልጆች። እነዚህን ተስፋ ማስቆረጥ የፈለገ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ «ትራፊክ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን አባባል ልጆች በሚሰሙበት ቦታ ይደጋግመው። ሐቀኛው ከሌባው ጋር አንድ ስም ከተሰጠው ሐቀኛ የሚሆንበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ሌባውም በብዛቱ ውስጥ ይደበቃል። በደል የፈጸመብህን ፖሊስ በመለያ ቁጥሩ ለይተህ ለአለቃው ብታመለክት ግን ይህ ምክር በሙሉ ይበላሻል።

የመጨረሻው ሥራ ሰው ከተገጨ በኋላ የሚሠራው ነው። ሰዉ ይሰበሰባል፤ ነጠላ ይነጠፋል፤ የሚያለቅስ ያለቅሳል። ፖሊስ መጥቶ «ማን አየ?» ሲል ክቡ መስፋት ይጀምራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ግልጽ የደንብ ክልከላን ጥሶ ወይም ሰክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይህ ቅጣት ግን ፍጥነቱን ያየ፣ መብራቱ ቀይ እንደነበር ያስተዋለ፣ ታርጋውን ያነበበ ሰው ይፈልጋል። ፖሊሱ የድርሻውን ሊጨምር ከፈለገ ምስክር የሆነውን ሰው ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ያውለው፤ «ነገ ተመለስ» ይበለው፤ ስልኩን ተቀብሎ በሥራ ሰዓቱ ደጋግሞ ይጥራው። በሚቀጥለው አደጋ ያ ሰው ምንም አላየም። አንተም ታርጋውን ያየኸው ብቻህን ከሆንክ፣ ሥራህ እንዳይረፍድ ሰዓትህን ተመልክተህ ታክሲ ያዝ።