አገዳው የማን ነው?

ዘመኑ ተበላሽቷል ስል ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ! ዕድሜዬን ሙሉ ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ሳበቅል ኖሬ፣ ዘንድሮ አንድ የተማረ ጎረምሳ አፈሬን በላስቲክ እየቋጠረ «አባባ፣ ምን ያህል ካርቦን እንዳለው ልንለካ ነው» አለኝ። ግብር ሊጣልበት ይሆናል ብዬ «የለውም» አልኩት።

እሱ መች ሰማኝ! ጠርሙስ አውጥቶ ጓሉ ላይ አሲድ ጠብ አደረገ። አፈሬ እንደ ጠላ ተፍለቀለቀ። «ይኼ የኖራው ካርቦን ነው፤ ደረቅ አገር ይበዛል። ሰብሉን የሚረዳው ግን ከሥርና ከአገዳ ብስባሽ የሚመጣው ነው፤ አፈሩን የሚያጠቁረው፣ ውኃ የሚያስይዘው» አለ። ይኼንንማ አባቶቻችን ያለ ጠርሙስ ያውቁት ነበር።

ከዚያ ምክሩን አወረደው። አገዳውን ማሳው ላይ ይተዉት፣ እበቱን ለማሳው ይመልሱ፣ እርሻ ይቀንሱ።

አገዳውን ለማን ልተወው? መጀመሪያ በሬው አለ። በሬው የተወውን ባለቤቴ ለምድጃ ትፈልገዋለች። ከምድጃ የተረፈው አጥር ይሆናል። ማሳው ላይ የቀረውን ቁርጥራጭ ደግሞ፣ እህሉ ተነሥቶ ሳያበቃ፣ የሰፈሩ ከብት ግር ብሎ ገብቶ ይጨርሰዋል። አዝመራው የተነሣለት ማሳ የሁሉም ግጦሽ ነው፤ «ከብትህን መልስ» ያለ ሰው ክፉ ይባላል። (የእኔ በሬ ጎረቤት ማሳ ላይ ቢታይ መንገድ ስቶ ነው።) እበቱን ምራቴ ጠፍጥፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። «ኧረ አፈሩ ተራበ!» ብላት «እንጨቱ የታለ? ወይስ ምሳው በጥሬው ይቅረብ?» ትለኛለች። የዛሬ ልጅ መልስ አያጣም።

እርሻ መቀነሱማ አይነሣ። ጤፍ ገመሳ አለው፣ ድገማ አለው፣ ስለሳ አለው። ጎረምሳው «አፈሩ በታረሰ ቁጥር አየር ያገኛል፣ ብስባሹን የሚበሉት ረቂቅ ነፍሳት ይበረታሉ፣ ካርቦኑም ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በቆላ ሙቀትማ ይፈጥናል» ይለኛል። እሺ፣ አረሙን እሱ መጥቶ ያርምልኝ?

ደግሞ ፈረንጆች በራሳቸው አቆጣጠር በ2015 ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የአፈር ካርቦን በየዓመቱ ከሺህ አራት እጅ ይጨምር ብለዋል አሉ። ዝናቡስ ከሺህ ስንት እጅ ይምጣ ብለው ይሆን? ዝናብ ካነሰ ተክሉ ያንሳል፤ ተክሉ ካነሰ ወደ አፈር የሚመለሰውም ያንሳል፤ ይኼን ለማወቅ ፓሪስ መሄድ አያሻም።

ከበላያችን ያለው ተራራ ከንክኪ ነፃ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ ሣሩ ሰው ይውጣል። ከሣሩ ሥር ዘግነህ ብታየው አፈሩ ጠቁሯል፣ ይፈረፈራል፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ከግጦሹ የዘገንከው ግን ገርጥቶ ጠጠር ብቻ ነው። ፍየሎቼ ግን ክልሉ ጫፍ ቆመው ያለቅሳሉ፤ እነሱን የሚለካ አልመጣም። አሁን ደግሞ ተራራው ይታረስ፣ ለሥራ አጥ ወጣት ይከፋፈል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ወጣቱስ የት ይግባ? ነገር ግን ዳገት ከታረሰ የላይኛው አፈር በጎርፍ ሄዶ እኛ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ብስባሽ በጥቂት ክረምት ያልቃል። መልሶ መሙላቱ የሰው ዕድሜ ይበላል። እኔን ግን ማን ይጠይቀኛል!

ጎረምሳው አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ከማሳው ጥግ ላይ አገዳውን ልተውለት ተስማማሁ። ለውጡ በሚዛን እስኪታይ ዓመታት ይፈጃል አለኝ። በእኔ ዕድሜ! እስከዚያስ የሰፈሩን ላም ማን ይመልሳል? ብለው፣ ከተማ ነው የማድረው አለና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።